የኤሌክትሮኒክስ ንድፍ ውድድሮች ለተወዳዳሪው ፍትሐዊ ናቸው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የውድድር ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር በትርፍ ጊዜያቸው ቦርድ ከሚበይዱና ኮድ ከሚጽፉ ሰዎች የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያከራክረው እሄዳለሁ።

የንድፍ ውድድር ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ቺፕ አምራች፣ የዕቃ አከፋፋይ ወይም የሙያ መጽሔት “በዚህ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) ወይም በዚህ ሴንሰር የሚሠራ ነገር ሠርታችሁ አሳዩን” ይላል። ተወዳዳሪው ሐሳቡን ይልካል። ሐሳቡ ከተወደደለት አንዳንዴ ቦርዱ በነፃ ይላክለታል። ከዚያ ሠርቶ የሰርኪዩቱን ሥዕል፣ ኮዱን፣ ፎቶውንና ማብራሪያውን እስከ ቀነ ገደቡ ያስገባል። ዳኞች ያያሉ፣ ጥቂቶች ይሸለማሉ፣ የቀሩት የምስጋና ኢሜይል ይደርሳቸዋል።

ነገሩ ከሎተሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሎተሪ የቆረጠ ሰው ባይደርሰው የሚያጣው የቲኬቱን ዋጋ ብቻ ነው። የንድፍ ውድድር የገባ ሰው ግን ባያሸንፍም ሰው እጅ ላይ ትቶት የሚሄደው ሥራ አለ፤ ያውም ሳምንታት የፈጀ። ስለዚህ አንድ ውድድር ፍትሐዊ መሆኑን ስመዝን ከአንደኛው ሽልማት በፊት የምመለከተው ያላሸነፈው ሰው ሥራ ምን እንደሚሆን ነው።

አዘጋጁ ከዚህ ምን ያገኛል?

ብዙ ያገኛል፤ ይህ በራሱ ነውር የለውም። አዲስ ቺፕ ላወጣ ድርጅት ትልቁ ራስ ምታት ሰዎች የለመዱትን ትተው የእሱን እንዲሞክሩለት ማድረግ ነው። አንድ ተወዳዳሪ ለሁለት ወር ከቺፑ ጋር ሲታገል መሣሪያዎቹን ይለምዳል፣ በዳታሺቱ (አምራቹ ስለ ቺፑ ባወጣው ቴክኒካዊ መግለጫ) ውስጥ ያለውን ስህተት ያገኛል፣ ሌላው የሚማርበትን ምሳሌ ኮድ ይጽፋል። ይህን ሁሉ በደመወዝ ላሠራ ቢል ወጪው ከሽልማቱ በእጅጉ ይበልጣል።

ተወዳዳሪው ይህን አውቆ ከገባ ቅር የሚያሰኝ ነገር አይታየኝም። ቅር የሚያሰኘው አዘጋጁ በማስታወቂያ መልክ ያገኘው ጥቅም ሳይበቃው የሥራውን ባለቤትነትም ጨምሮ ሲወስድ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ለመግባት ክፍያ ከተጠየቅሁስ?

ቺፕ አምራች የሚያዘጋጀው ውድድር አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ ክፍያ የለውም። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ሽልማት፣ ዕድልና ክፍያ ሦስቱ ባንድ ላይ ከተገኙ ነገሩ ሎተሪ ተብሎ ይቆጠራል። በደንቦቹ ላይ “በችሎታ ብቻ የሚዳኝ” የሚል ቃል የሚደጋገመውም ለዚሁ ነው። ክፍያ የሚጠይቅ ካጋጠመዎት ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በግልጽ ካልተጻፈ ይተዉት።

የተሸፈነውን ክፍያም ያስቡ፦ የግድ የሚገዛ ቦርድ፣ ቦርዱን ለማስመጣት የሚከፈል የጭነትና የቀረጥ ወጪ፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ ገንዘብ የሚጠይቅ ሶፍትዌር።

የሚፈጀው ልፋት ከሽልማቱ ጋር ይመጣጠናል?

በገንዘብ ብቻ ካሰሉት አይመጣጠንም፤ ይህን ደብቆ ማበረታታት ሐቀኝነት አይመስለኝም። አንድ ውድድር በድምሩ 10,000 ዶላር ይሸልማል፣ 200 ሰው ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ያስገባል እንበል። በአማካይ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 50 ዶላር ነው። ለአንድ ደህና ፕሮጀክት 80 ሰዓትና የ120 ዶላር ዕቃ ቢወጣ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ይህ የአማተሮች ችግር ብቻ አይደለም። በግል ወጪ በተሠራ መንኮራኩር ሰው ወደ ጠፈር ለማድረስ የቀረበውን የአንሳሪ ኤክስ ፕራይዝ፣ 10 ሚሊዮን ዶላሩን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወሰደው ቡድን መንኮራኩሩን ለመሥራት ያወጣው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አሸናፊው ራሱ በሽልማቱ ብቻ አላተረፈም ማለት ነው።

“ጠቅላላ ዋጋው ይህን ያህል” የሚለውን ትልቅ ቁጥርም ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ ግማሹ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ በካታሎግ ዋጋ የተሰላ ኪት (የቦርድና የመለዋወጫ ጥቅል) ወይም ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የሶፍትዌር ፈቃድ ነው። እርስዎ የማይጠቀሙበት የ4,000 ዶላር ሶፍትዌር ለእርስዎ ዋጋው 4,000 ዶላር አይደለም።

ታዲያ ሰው ለምን ይገባል? እኔ ለምን እንደምገባ ልናገር፤ ቀነ ገደብ ስላለው ነው። መሳቢያዬ ውስጥ በግማሽ የቀሩ ብዙ ቦርዶች አሉ፤ ጨርሼ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል መልኩ ጽፌ ያስረከብኳቸው ግን ውድድር የገባሁባቸውን ብቻ ነው። ያ ሰነድ በኋላ ለሥራ ሲያመለክቱ ከምስክር ወረቀት ይልቅ ይናገራል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ሥራው የእርስዎ ሆኖ ከቀጠለና ለሌላ ሰው ማሳየት ከቻሉ ነው።

“ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው” ይላሉ፤ እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ በከፊል ነው። በደንቡ መጨረሻ አካባቢ የተከለከሉ አገሮች ዝርዝር ይኖራል። አሜሪካ ያሉ አዘጋጆች በማዕቀብ ምክንያት ኢራንን፣ ሰሜን ኮሪያንና ኩባን የመሳሰሉትን ያስወጣሉ። የዕድሜ ገደብ፣ የአዘጋጁ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው መከልከልም የተለመደ ነው፤ የመጨረሻው እንዲያውም የጥሩ ደንብ ምልክት ነው። ሐሳብዎን ከመላክዎ በፊት ይህን አንቀጽ ያንብቡ፤ ሁለት ወር ሠርቶ በመኖሪያ አገር ምክንያት መሰረዝ ያማል።

ብዙም የማይወራበት አድልዎ ደግሞ የኪቱ መድረሻ ቀን ነው። ስፖንሰሩ፣ ማለትም ቺፑን የሚያስተዋውቀው ድርጅት፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ በአንድ ቀን ኪት ይልካል፤ ለአንዱ በሦስተኛው ቀን ይደርሰዋል፣ ሌላው ጋ ጉምሩክ ውስጥ አምስት ሳምንት ይቀመጣል። ቀነ ገደቡ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። በእጁ ዘጠኝ ሳምንት ያለውን ሰው አራት ሳምንት ካለው ጋር አንድ መስመር ላይ አስቁሞ ማስሮጥ ነው። ጠንቃቃ አዘጋጆች ወይ ኪቱን ቀድመው ያደርሳሉ፣ ወይ በየትኛውም ገበያ በሚገኝ ቦርድ መሥራትን ይፈቅዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ በነበረው የቺፕ እጥረት ጊዜ ይህ ችግር ጎልቶ ታይቷል፤ በአንድ የተወሰነ ቺፕ ብቻ ሥሩ ማለት ቺፑን አስቀድሞ የያዘውን ብቻ አወዳድሩ ማለት ሆኖ ነበር።

ዳኞቹ የስፖንሰሩ ሠራተኞች ከሆኑ ፍርዱ እንዴት ሊታመን ይችላል?

የስፖንሰሩ መሐንዲስ ቺፑን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የተወዳዳሪው ኮድ የቱ ጋ ብልህ እንደሆነም በፍጥነት ይገባዋል። ስለዚህ ዳኛ መሆኑ ብቻውን አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ዳኞቹ ሁሉ ከአንድ ቤት ሲሆኑና መመዘኛው “ፈጠራ፣ ጥራት፣ ጠቀሜታ” ብሎ ሲያበቃ ነው። ለእያንዳንዱ ስንት ነጥብ? ሠርቶ የታየ ነገር በወረቀት ላይ ካለ ጥሩ ሐሳብ ይበልጣል? ይህ ካልተጻፈ ለገበያ ክፍሉ ማስታወቂያ የሚመቸው ፕሮጀክት ቢያሸንፍ ማንም ሊከራከር አይችልም።

በሌላኛው ጫፍ ያለውን ለማየት እ.ኤ.አ. በ2014 ጎግል ከኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ጋር ያወጣውን የሊትል ቦክስ ውድድር እንውሰድ። ተግባሩ 2 ኪሎ ቮልት-አምፔር የሚችል ኢንቨርተር (እንደ ባትሪ ያለውን ቀጥታ ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሳጥን) በተቻለ መጠን አሳንሶ መሥራት፣ ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ዝቅተኛው መስፈርት በአንድ ኪዩቢክ ኢንች 50 ዋት ነበር። የመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ሥራቸውን ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ አመጡ፤ ሳጥኖቹም ለ100 ሰዓት ተፈተኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 ያሸነፈው የቤልጅየም ቡድን 143 ዋት በኪዩቢክ ኢንች ደርሶ ነበር፤ ከተጠየቀው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ። እዚያ ላይ የዳኛ ስሜት የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ሳጥኑ ይለካል፣ ይሠራል ወይም አይሠራም።

የአማተር ውድድር ሁሉ እንዲህ በሜትር ሊለካ አይችልም፤ ለዓይነ ስውራን የተሠራ መሣሪያን ከአየር ጠባይ መለኪያ ጋር በምን ታወዳድራለህ? ቢሆንም አዘጋጁ ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል፦ ነጥቡን በመቶኛ አስቀድሞ ማውጣት፣ ቢያንስ ግማሾቹን ዳኞች ከውጭ ማምጣትና የተወዳዳሪውን ስም ሸፍኖ በመለያ ቁጥር ማዳኘት። ሦስቱም ርካሽ ናቸው። በተለይ የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም።

በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ውድድርስ?

ተከታይ ብዛት የሚለካበት ነው። ብዙ ወዳጅ ያለው ሰው ያሸንፋል፤ ድምፅ በገንዘብ የሚሸጡ አገልግሎቶችም አሉ። ድምፁ ለአንዲት ትንሽ ተጨማሪ ሽልማት ከሆነ ደስ ይላል፤ ዋናውን የሚወስን ከሆነ ግን ብየዳዎን ትተው ቅስቀሳ ላይ ሊውሉ ነው።

ባለሙያ መሐንዲሶች ከጀማሪ ጋር መወዳደራቸው ልክ ነው?

ይህ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነው፤ እኔ ግን በግማሽ ብቻ እስማማለሁ። ኤሌክትሮኒክስን በትርፍ ጊዜው ከሚሠራው ሰው ብዙው በቀን ሥራውም መሐንዲስ ነው፤ እሱን ማስወጣት ውድድሩን ማድረቅ ይሆናል። ጉዳቱ የሚመጣው በችሎታው ሳይሆን በመሣሪያው ነው። በመሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ውድ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) እና ቦርድ ማተሚያ ያለው ሰው፣ ወይም አምስት አባላት ያሉት ቡድን፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ መልቲሜትር ካለው ተማሪ ጋር በአንድ ምድብ ሲመዘን ውጤቱ ቀድሞ ይታወቃል። መፍትሔው ምድብ መክፈል ነው፦ ተማሪ፣ ግለሰብ፣ ቡድን። ምድብ የሌለው ውድድር ከሆነ መመዘኛው ውስጥ “አነስተኛ ወጪ” ወይም “ሌላ ሰው በቀላሉ ሊሠራው የሚችል” የሚል ነጥብ መኖሩን ይመልከቱ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው የሚበልጥበት ቦታ እሱ ነው።

ሽልማቱ ላይ ግብር እከፍላለሁ?

በብዙ አገር አዎ። በአሜሪካ ሽልማት ገቢ ነው፤ ዕቃ ከሆነም በገበያ ዋጋው ይሰላል። እዚያ ነዋሪ ላልሆነ አሸናፊ የታክስ ስምምነት ከሌለ 30 በመቶ አስቀድሞ ሊቆረጥበት ይችላል። በዕቃ የተሸለመ ሰው ያልያዘውን ጥሬ ገንዘብ ለግብር ሊጠየቅ እንደሚችል ልብ ይበሉ።

ያስገባሁት ንድፍ የማን ነው?

መልሱ ደንቡ ውስጥ ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ያርፋል፤ ለእኔም ከደንቡ ሁሉ ዋናው እሱ ነው። በመሠረቱ የሳሉት ሥዕልና የጻፉት ኮድ የቅጂ መብቱ የእርስዎ ነው። ደንቡ ከዚህ ላይ ከሦስት አንዱን ያደርጋል። አንደኛው “ባለቤትነቱ ለአዘጋጁ ይተላለፋል” ይላል፤ ይህን ያየሁበትን ውድድር ሽልማቱ ምንም ቢሆን አልገባም። ሁለተኛው ባለቤትነቱን ለእርስዎ ይተውና ለአዘጋጁ “የማይሻር፣ ጊዜ የማይገድበው፣ ያለ ክፍያ፣ ለሦስተኛ ወገን ሊተላለፍ የሚችል” ፈቃድ ይሰጣል። ስሙ ፈቃድ ይሁን እንጂ ንድፉን አምርቶ መሸጥንም ሊያካትት ስለሚችል ከመጀመሪያው ያለው ልዩነት ቀጭን ነው። ሦስተኛው ፈቃዱን በዓላማ ይገድባል፦ ሥራውን ለመዳኘትና ውድድሩን ለማስተዋወቅ ብቻ።

ሦስተኛው የማይቻል ነገር አይደለም። ከላይ ያነሳሁት የሊትል ቦክስ ውድድር አንድ ሚሊዮን ዶላር እየከፈለ እንኳ ከተወዳዳሪዎች የወሰደው ኢንቨርተሩን ለመፈተንና ሽልማቱን ለማስተዋወቅ ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ነበር። እንግዲህ አንድ ኪትና ቲሸርት የሚሸልም አዘጋጅ ዘላለማዊ ፈቃድ ሲጠይቅ ምን እንደምል ይገባችኋል።

ሥራዎን በኦፕን ሶርስ ፈቃድ፣ ማለትም ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ክፍት አድርገው፣ እንዲያወጡ የሚጠይቁ ውድድሮችም አሉ፤ እነዚህን ከሁለተኛው ዓይነት ጋር አላምታታቸውም። እዚያ አዘጋጁ የሚያገኘውን መብት ዓለም ሁሉ፣ እርስዎንም ጨምሮ፣ እኩል ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን የሃካዴይ ፕራይዝ (የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች ድረ ገጽ የሆነው ሃካዴይ የሚያዘጋጀውን ውድድር) ያሸነፈው ሳትኖግስ ክፍት የሆነ የሳተላይት መቀበያ ጣቢያዎች መረብ ነው። ምርጫው ወደ ጠፈር መጓዝ ወይም 196,418 ዶላር ነበር፤ ቡድኑ ገንዘቡን ወስዶ ሊብሬ ስፔስ ፋውንዴሽንን መሠረተበት። ባያሸንፉ ኖሮ እንኳ ንድፉ በእጃቸው፣ በሌሎችም እጅ ይቀር ነበር።

ካላሸነፍኩስ? አዘጋጁ ሐሳቤን ወስዶ ምርት ቢያወጣበት?

ደንቦች ብዙውን ጊዜ “አዘጋጁ ተመሳሳይ ሐሳብ ራሱ እያዘጋጀ ሊሆን ይችላል፣ ተወዳዳሪውም ክስ አያነሳም” የሚል አንቀጽ አላቸው። ከአዘጋጁ በኩል ሲታይ ትርጉም ይሰጣል፤ ብዙ መቶ ሐሳብ የሚቀበል ድርጅት አንዱ ከራሱ ዕቅድ ጋር መገጣጠሙ አይቀርም። ለተወዳዳሪው ግን በር ከፍቶ እንደማደር ነው። የቅጂ መብትም እዚህ ላይ ብዙ አያድንም፤ የሚጠብቀው ሥዕሉንና ኮዱን እንጂ ሰርኪዩቱ የሚሠራበትን ብልሃት አይደለም። ያንኑ ብልሃት ሌላ ሰው በራሱ እጅ ደግሞ ቢስለው የቅጂ መብት አልጣሰም።

አርክቴክቶች ይህን ጥያቄ ከረጅም ጊዜ በፊት ጨርሰውታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1956 አጽድቆ በ1978 ያሻሻለው የዓለም አቀፍ የሥነ ሕንፃ ውድድር ደንብ የቅጂ መብት ለነዳፊው እንደሚቀር፣ አንደኛ የወጣውን ንድፍ አዘጋጁ ሊጠቀምበት የሚችለው ሥራውን ለራሱ ለነዳፊው ሲሰጥ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላውን ንድፍ ደግሞ ተሸለመም አልተሸለመም ያለ ነዳፊው ስምምነት በከፊል እንኳ መጠቀም እንደማይቻል ይደነግጋል። የእኛ ዘርፍ እንዲህ የሚል የጋራ ደንብ ቢኖረው ምንኛ ደስ ባለኝ። እስከዚያው ድረስ “ያልተሸለሙ ሥራዎች ላይ አዘጋጁ ምንም መብት የለውም” የሚል አንድ መስመር የያዘ ደንብ ባገኘሁ ቁጥር አዘጋጁን አከብረዋለሁ።

ከተወዳደርኩ በኋላ ፓተንት ማውጣት እችላለሁ?

ሊያመልጥዎ ይችላል። ፓተንት፣ ፈጠራን ሌላው እንዳይሠራበት የሚከለክል መብት፣ አዲስነትን ይጠይቃል፤ ሥራዎ በውድድሩ ምክንያት ለሕዝብ ከታየ አዲስ መሆኑ ይቀራል። በአሜሪካ ፈጣሪው ራሱ ከገለጠበት ቀን አንሥቶ የአንድ ዓመት ጊዜ አለው። በአውሮፓ ፓተንት ሥርዓት ግን ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በቀር እንዲህ ያለ ፋታ የለም፤ ንድፉ ዛሬ ታትሞ ነገ ቢያመለክቱ ዘግይተዋል። አብዛኞቹ ደንቦችም የሚላክላቸውን ሁሉ ምስጢር አድርገው እንደማይዙ ይናገራሉ።

የእውነት የሚሸጥ ነገር በእጅዎ አለ ብለው ካሰቡ ከማስገባትዎ በፊት ያመልክቱ። በአንድ አገር ካመለከቱ በኋላ የኢንዱስትሪ ንብረት ጥበቃን በሚመለከተው የፓሪስ ስምምነት መሠረት በሌሎቹ አባል አገሮች ለማመልከት 12 ወር አለዎት።

ቀነ ገደቡ ቢራዘም ወይም ደንቡ መሃል ላይ ቢቀየርስ?

ማራዘም እንደ ቸርነት ይቆጠራል፤ ቸርነቱ ግን በሌላ ሰው ኪሳራ ነው። አንድ ጊዜ ራሴ የገባሁበት ውድድር ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው በሦስት ሳምንት ተራዘመ። እኔ በሰዓቱ ለመድረስ ብዬ የገመድ አልባውን ክፍል ከንድፉ አውጥቼ፣ ሌሊት ሌሊት ሰነድ እየጻፍኩ ጨርሼ አስገብቼ ነበር፤ አንዴ የገባ ሥራ አይስተካከልም የሚል ደንብም ነበረው። ያልጨረሱት ሦስት ሳምንት ተጨመረላቸው፣ የጨረስነው በቆረጥነው ሥራ ተዳኘን። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ “ደንቡ ይፈቅድልናል” የሚል መልስ መጣ። ፈቅዶላቸዋል፤ “አዘጋጁ በማንኛውም ጊዜ ሊለውጥ ይችላል” የምትለዋን መስመር አንብቤ አልፌያት ነበር። ማራዘም ግድ ከሆነ ቀድመው ላስገቡት ሥራቸውን እንደገና የመክፈት መብት መስጠት ይገባል።

ደንብ እየተቀየረበት ዕድሜው ያለቀ ሰው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1714 የብሪታንያ ፓርላማ መርከብ በባሕር ላይ ያለችበትን ኬንትሮስ እስከ ግማሽ ዲግሪ አጥርቶ ለሚያሳውቅ ዘዴ 20,000 ፓውንድ አቀረበ። ሰዓት ሠሪው ጆን ሃሪሰን አራተኛው ሰዓቱ በ1761 ወደ ጃማይካ በተደረገው ጉዞ መስፈርቱን ቢያሟላለትም ሽልማቱን የሚያስተዳድረው የኬንትሮስ ቦርድ የተባለ ጉባኤ ሌላ ሙከራ ጠየቀ፤ ሁለተኛው ሙከራ ከተሳካ በኋላ ደግሞ የሰዓቱን ምስጢር እንዲገልጥ፣ ቅጂም እንዲሠራ የሚል ግዴታ መጣ። በ1765 ግማሹን አገኘ፤ በ1773፣ ሰማንያ ዓመት በሞላው ሰሞን፣ ፓርላማው 8,750 ፓውንድ ጨመረለት። ዋናውን ሽልማት በስሙ አልተቀበለም።

ተቃራኒውን ደግሞ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጠናቀቀው የኔትፍሊክስ ሽልማት፣ ተመልካች ለፊልም የሚሰጠውን ነጥብ በሚተነብይ ፕሮግራም ውድድር፣ ሁለት ቡድኖች እኩል ውጤት አመጡ፤ 1 ሚሊዮን ዶላሩን 20 ደቂቃ ቀድሞ ያስገባው ወሰደ። ልብ ይሰብራል፤ ነገር ግን እኩል ሲሆኑ የቀደመው እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ስለተጻፈ ተበደልኩ የሚያስብል አልነበረም።

ደንቡ ላይ ያልገባኝን አዘጋጁን ብጠይቅ ቅር ይላቸዋል?

ጥሩ አዘጋጅ ቅር አይለውም፤ እንዲያውም መልሱን ለሁሉም ተወዳዳሪ ያወጣል። ጥያቄውን ሐሳብዎን ከመላክዎ በፊት ይጠይቁ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና በመጨረሻው ሌሊት የተነበበ ደንብ አይጠቅምም። አጭርና ግልጽ ያድርጉት፦ “ሥራዬ ካልተሸለመ በየትኛው አንቀጽ መሠረት፣ ለምን ዓላማና እስከ መቼ ትጠቀሙበታላችሁ? ያንኑ ንድፍ ሌላ ቦታ ማሳተም እችላለሁ?” መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ ያስቀምጡት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ፣ ወይም “ደንቡን ያንብቡ” ብቻ ከተባሉ፣ ቦርዱን ይሥሩት፤ ለእነሱ ግን አይላኩት።